ቦራ በቀኝ

«ከዛሬ ጀምሮ ሌንሳን የማለብሳት እኔ ነኝ። አባባ ይረፉ።»

ኢቢሴ ይህን ያለችው ለባሏ ለባሕሩ ነው፤ በኦሮምኛ ነው፤ ድምጿንም ዝቅ አድርጋ ነው። ግን ክፍልን ከክፍል የሚለየው ችፑድ በሆነበት ቤት ሹክሹክታ ምን ዋጋ አለው! ከችፑዱ ወዲህ አልጋ ጠርዝ ላይ ከተቀመጡት ከባሏ አባት፣ ከአቶ አሻግሬ ጆሮ አንዷም ቃል አላመለጠች። አቶ አሻግሬ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ወጥተው ወለጋ፣ ኪራሙ ሲገቡ ጎረምሳ ነበሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አርሰውበታል፤ በኦሮምኛ ተገበያይተዋል፣ ተጣልተዋል፣ ታርቀዋል። የነገሩ ክፋት ደግሞ ምራታቸው ስድብ አለመሳደቧ ነው። «ልጄን መሳቂያ አደረጓት» ብትል ይሻላቸው ነበር፤ መልስ አያጡም። «ይረፉ» ለሚል ሰው ግን ምን ይመለስለታል? አገሩ ሲከፋ መሬቱንም ቤቱንም ጥሎ ለወጣ ገበሬ ዕረፍት ምን ያደርግለታል? ልጃቸው ቤት ከገቡ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው፤ ሦስቱንም ሲያርፉ ነው የከረሙት። በዚህ ቤት «የኔ» የሚሉት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጃቸውን ማልበስ። እሱም በዚህች ቃል ሄደ።

ይሄም ሥራ ሆኖ ነው ወይ የሚል ካለ፣ በሰኔ ነቀምቴ ይምጣና የአምስት ዓመት ልጅ አልብሶ ይሞክረው። እነሱ ሰፈር፣ ባኬ ጃማ፣ ሰኞ የታጠበ ልብስ ዓርብም እርጥብ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ያድርና ንጋት ላይ ፋታ ይሰጣል፤ ከዚያ ሕፃናቱ ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቆ እንደገና ይጀምራል፤ ምን ያለ ተንኮለኛ ነው! ስለዚህ አቶ አሻግሬ የሌንሳን ካልሲ ማታ ገመድ ላይ አይተዉትም። ደረታቸው ላይ፣ ከሸሚዛቸው ሥር አድርገውት ይተኛሉ፤ ጠዋት ደርቆ፣ ሞቆ ይነሣል። ከዚያ ደንብ አለው፤ መጀመሪያ ካናቴራ፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ታይት፣ ከታይቱ ላይ ሱሪ፣ ከሁሉ በላይ የዩኒፎርሙ ቀሚስ፣ በመጨረሻ ቢጫዎቹ የጎማ ቦት ጫማዎች። ልጅቷ ደግሞ አንዷን እጅ ሲያስገቡላት ሌላዋን የምታወጣ ናት፤ አንድ ደቂቃ አትቆምም። አያት ቢጨንቃቸው የሚያውቁትን ዘዴ አመጡ፤ በሬ እንደሚጠምዱ ያለብሷት ጀመር። አንገትጌው ቀንበር ነው፤ «ግባ!» ሲሏት ጭንቅላቷን ታስገባለች። ሁለቱ ቦት ጫማዎች ደግሞ በሬዎቹ ናቸው፤ የቀኙ ቦራ፣ የግራው ዳለቻ።

ቦራና ዳለቻ የእውነት በሬዎች ነበሩ፤ ኪራሙ የቀሩ። ቦራ ቀይ ሆኖ ግንባሩ ነጭ ነው፤ በግራ ከጠመዱት እርሻ መሀል ተኝቶ ቀኑን የሚያበላሽ እልኸኛ። ሌንሳ አንዳቸውንም አይታ አታውቅም፤ ግን ቦራ ግራ እንደማይወድ ከማንም በላይ ታውቃለች። እንዳትሳሳትም አቶ አሻግሬ ከግቢው በር የተረፈውን ነጭ ቀለም በክብሪት እንጨት ነክረው በቀኙ ቦት ላይ፣ ከአፍንጫው ከፍ ብሎ፣ አንዲት ነጥብ አደረጉላት፤ ይህቺ የቦራ ግንባር ናት። ለእናትም ለአባትም አልነገሩም። ለባሕሩማ እንዴት ብለው? ያን ጊዜ ከነቀምቴ ደውሎ «በሬዎቹን ተዋቸውና ውጣ አባዬ» ያላቸው እሱ ነው። ፈተው ለቀቋቸውና ወጡ። ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል የበሬ ወሬ ተነሥቶ አያውቅም። አብረው ራት ይበላሉ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያወራሉ፣ ስለ ባጃጁ ጎማ ያወራሉ፤ ስለ በሬ ግን ዝም።

እንግዲህ «ይረፉ» ያስባለው የቅዳሜው ገበያ ነው። ባሕሩ «ለራስህ ጫማ ግዛበት» ብሎ የሰጣቸውን ገንዘብ ይዘው ሄዱና፣ ገለታ የሚባል የሰልባጅ ነጋዴ ከክምሩ ውስጥ አንድ ቀይ ልብስ መዞ አሳያቸው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ ነው፤ ውስጡ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል፤ ኮፍያም አለው። «የበረዶ አገር ልብስ ነው ኦቦ! በረዶ የቻለ የነቀምቴን ዝናብ ይፈራል?» አላቸው። ስምንት መቶ ያለውን አምስት መቶ ሃምሳ አስገቡት፤ የራሳቸው ጫማ ሳይገዛ ቀረ። ሰኞ ጠዋት ሌንሳን በቀዩ ልብስ ጠቅልለው ሲልኳት ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ዝናብ አፍንጫዋን ብቻ ነው የሚያገኘው! አይ አያት! ልጅ ሽንት እንደሚመጣባት ረሱት። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ስትጣደፍ ዚፑ ሆዷ ላይ ጨርቅ ነክሶ አልወርድም አለ። መምህርት አሜን ብትታገለው፣ ዘበኛው ቢታገለው፣ እምቢ። በመጨረሻ የሆነው ሆነ፤ ልጆቹም ሳቁ። ሌንሳ የሌላ ልጅ ሱሪ ለብሳ፣ ቀዩ ልብስ በፌስታል ተቋጥሮ፣ ዓይኗ አብጦ ቤት ገባች።  ማታ ኢቢሴ ልብሱንም ቦት ጫማውንም በኦሞና በሽቦ ፈትጋ አጠበች፤ ሲያዩዋት አፏ ሳይሆን ክንዷ ይናገር ነበር።

እና ዛሬ ጠዋት አቶ አሻግሬ የሞቀውን ካልሲ በእጃቸው ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ ቀሩ። ከችፑዱ ወዲያ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ኢቢሴ ፋርማሲ ለመግባት ትቸኩላለች፤ «እጅሽን፣ ሌላኛውን፣ ቀጥ በይ፣ ማሎ ሌንሳ!» እያለች ትለማመጣለች። ከዚያ ልጅቷ ድንገት ጮኸች፤

«ቦራ ጠፋ! አካኮ! ቦራ ጠፋ!»

አካኮ የምትለው አያቷን ነው። ሽቦው ነጯን ነጥብ ይዟት ሄዷል። እናት «ቦራ ምንድን ነው? ማነው ቦራ?» ብትል ልጅ ለቅሶ ብቻ ሆነች። አቶ አሻግሬ ብድግ ብለው በሩ ድረስ ሄዱ። እጃቸው መጋረጃውን ያዘ። ያን ጊዜ «ይረፉ» ትዝ አለቻቸውና መጋረጃውን ለቀቁ። ኩራት ይሁን ኩርፊያ እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ ኩርፊያ ነው እላለሁ። ባሕሩም ሰምቷል። ቦራ ማን እንደሆነ በዚያ ቤት ከአባቱ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ግን እሱም ወጥቶ ባጃጁን አስነሣ፤ ያለወትሮውም ሞተሩን ደጋግሞ አጮኸው። ኢቢሴ ቦቶቹን እንደመጣላት አጥልቃላት፣ በእርጥብ ካልሲ፣ አቅፋት ወጣች። አቶ አሻግሬ የሞቀውን ካልሲ ካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

ቤቱ ጭር ሲል ቀዩ ልብስ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ አገኙት። አየት አደረጉትና «አንተ ነህ ከሥራዬ ያስወጣኸኝ» አሉት። ከዚያ አወረዱት፣ ፌስታል ውስጥ ጨመሩት፣ ጃንጥላ ሳይዙ ወጡ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ የተቀደደች የፕላስቲክ ጫማቸው በእያንዳንዱ እርምጃ ውኃ ትቀዳለች። ልብስ ሰፊው ጆቴ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ከላዩ ሸራ ወጥሮ ተቀምጧል። ሸራው ውኃ ሲያቁር በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውኃው ገደል እንደተናደ በአላፊ አግዳሚው ላይ ይወርዳል፤ ሰው ይሳደባል፤ ጆቴ ይስቃል።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ አሻግሬ! ምን ይዘው መጡ?»

«ነጋ፣ ነጋ። ይኸውልህ።»

ጆቴ ልብሱን ዘረጋው፣ አገላበጠው፣ ጫን ጫን አደረገው። «ይሄ ልብስ ነው ፍራሽ?»

«ልብስ ነው። ወገቡ ላይ ቁረጥልኝ። ላይኛው ጃኬት፣ ታችኛው ሱሪ ይሁን። ሱሪው ላስቲክ ይግባበት፤ ልጅ በራሷ እጅ ሳብ አድርጋ የምታወርደው።»

ጆቴ ነገሩ እስኪገባው ጥቂት ቆየ፤ ሲገባው በሳቅ ፈረሰ። «ወይ ጉድ! የዚያ አገር ልጅ ሽንት አይመጣባትም እንዴ?» ከዚያ ኮምጨጭ አለና እንዲህ ያለ ልብስ መቁረጥ ግፍ ነው፣ ይልቅ ከኋላው በአዝራር የሚከፈት መስኮት ላውጣለት አለ። አቶ አሻግሬ ተቆጡ። «ኋላዋን ከፍታ ትምህርት ቤት ልትሄድልህ ነው? ቁረጠው አልኩህ!» ጆቴም መቀሱን አነሣ። ልብሱ ወገቡ ላይ ሲከፈት ነጩ ጥጥ ቡልቅ ብሎ ወጣና ግማሹ ጭናቸው ላይ፣ ግማሹ በረንዳው ላይ ተበተነ። አቶ አሻግሬ ጎንበስ ብለው እየለቀሙ መልሰው ይጠቀጥቁ ጀመር። አንገትጌው ውስጥ በቀለም የተጻፈ ነገር አለ፤ ጆቴ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየውና «የልጅ ስም ሳይሆን አይቀርም» አለ። «እንዳትነካው» አሉት አቶ አሻግሬ። «የሆነ ሰው ለልጁ ብሎ የጻፈው ነው።»

«ለመሆኑ ኦቦ አሻግሬ፣ ልጅ ማልበስ የሴት ሥራ አይደለም?» አለ ጆቴ ፔዳሉን እየረገጠ።

«በሬ መጥመድ የማን ሥራ ነው?»

«የወንድ ነዋ።»

«በቃ።»

ጆቴ ምኑ በቃ እንደሆነ አልገባውም፤ ሊጠይቅም ቀና ሲል ፊታቸውን አየና ተወው። ዝናቡ ሸራውን ይመታል፣ መርፌው ወፍራሙ ጨርቅ ላይ ይንገታገታል። ሁለት መርፌ ተሰበረ። አቶ አሻግሬ ሳይጠየቁ ተናገሩት፤ «ዛሬ አላለበስኳትም። ይረፉ ተባልኩ።» ጆቴ «እሰይ! እኔን እረፍ የሚለኝ ባገኝ!» ሊል ጀምሮ መሀል ላይ ዋጠው። ውኃ የጠገበ ቅዳጅ ጫማ አድርጎ፣ የሕፃን ሱሪ ላስቲክ እየለካ የተቀመጠ ሽማግሌ ፊት ለፊት እንዲህ አይባልም። ይልቁንስ ጫማቸውን አየት አድርጎ «እርስዎንስ ማን ያለብስዎታል?» አላቸው። አቶ አሻግሬ «እኔማ ምን እሆናለሁ» አሉና ወሬ ለወጡ። ሥራው ሲያልቅ ሁለት መቶ ጠይቆ መቶ ሃያ ተቀበለ፤ ለሁለቱ መርፌ ምንም አላስከፈለም። እሳቸው ልብሱ እንዳይረጥብ ካፖርታቸውን ከፍተው ብብታቸው ውስጥ ጨመሩት፤ ካፖርቱ ግን ከዚያ በኋላ አልዘጋ አለ። ወደ ቤት የሄዱት ደረታቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ነው።

ባጃጁ ግቢ የገባው አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ባሕሩ ልጁንም ሚስቱንም ይዞ መጥቷል፤ ኢቢሴ በዚህ ሰዓት መምጣቷ ያልተለመደ ነው። ሌንሳ እንደ ሌላው ቀን ወደ አያቷ አልሮጠችም። እግሮቿን ወደ ውጭ ገደድ አድርጋ፣ በጥንቃቄ፣ እርምጃ በእርምጃ መጣች። የቦት ጫማዎቹ ግራና ቀኝ ተለዋውጧል። እፊታቸው ቆማ «አካኮ፣ ቦራ የለም። እማዬ አጥባው ጠፋ። አሁን በሬዎቹ ተጣሉ» አለቻቸው። አቶ አሻግሬ አፋቸውን ሳይከፍቱ ኢቢሴ ደረሰች፤ ዓይኗ ግን ልጇ ላይ አይደለም፤ እሳቸው ላይ ነው። ከጢማቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

«አባባ! ምን ሆነው ነው? ይሄን ለብሰው ነው የተቀመጡት? ሳምባዎን ቢመታዎትስ!»

«ደርቆልኛል…»

«የት ደረቀ? ይሄ ደረቀ ይባላል? ይነሡ!»

ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቁጣ ይለያል፤ መድኃኒቱን ሁሉ በስም ያውቀዋል። ካፖርታቸውን ገፈፈቻቸው። ከብብታቸው ሥር ቀይ ጃኬትና ቀይ ሱሪ ለየብቻ ወደቁ። ኢቢሴ አንሥታ አየቻቸው። የሱሪውን ላስቲክ አንዴ ሳብ አደረገችው፣ ለቀቀችው፣ እንደገና ሳብ አደረገችው።  አልጋው ላይ በወጉ አስቀምጣቸው የባሕሩን ወፍራም ሹራብ አመጣችና አንገትጌውን ወደ አቶ አሻግሬ ራስ አስጠጋች። ሰውዬው አፈሩ፤ «እኔው ልልበሰው ልጄ፣ እኔው…» ሲሉ ሌንሳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አካኮ! ግባ!» አለቻቸው። ምን ያድርጉ? ገቡ።

እጅጌውን እየጎተተችላቸው ኢቢሴ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች፤ አሁን በአማርኛ ነው። «መምህርቷ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ሌንሳ እረፍት ሰዓት አልወጣም ብላ ወንበሯ ላይ ዋለች አለችኝ። ቦራ ግራ ነው የተጠመደው፣ ይተኛል፣ ቦቴ ላይ የነበረው ነጭ ግንባሩም ጠፍቷል ብላ ታለቅሳለች አለች። ባሕሩን ጠየቅኩት። 'እኔ አልችልም፣ አባዬን ጠይቂው' አለኝ።» እጅጌውን አስተካክላ ቀና አለች። «ቦራ ማነው አባባ?»

ባሕሩ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ዝናቡን የሚያይ ይመስላል። አቶ አሻግሬ መጀመሪያ ወደ ልጃቸው ጀርባ አዩ፣ ከዚያ ወደ ምራታቸው። «በሬዬ ነው» አሉ። «ከወይፈን ነው ያሳደግኩት። ቀኝ በሬ ነበር። የወጣን ለት ከነዳለቻ ፈታኋቸው፤ ዳለቻ ወደ ሣሩ ሄደ፣ ቦራ ግን እስከ ወንዙ ተከተለኝ። ድንጋይ ወርውሬ ነው የመለስኩት።» የሹራቡን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረጉ። «ባሕሩ ተዋቸውና ውጣ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ደግ አደረገ። እሱን ባልሰማ ኖሮ ይህቺን ማን ያለብሳት ነበር?»

በሩ ላይ ያለው ጀርባ አልዞረም። ባሕሩ በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠርጎ «ባጃጁ ውስጥ ዝናብ ይገባል፣ ሸራውን ላውርደው» አለና ወጣ። ሸራው የወረደ ነበር። ማንም አልተናገረውም።

ኢቢሴ ቦርሳዋን ከፈተች። የተሳሳተ ጽሑፍ የሚሸፈንበት፣ ብሩሽ ያላት ትንሽ የነጭ ቀለም ጠርሙስ አወጣች፤ ከፋርማሲው ጠረጴዛ ላይ ነው ያመጣችው። ሌንሳን አልጋው ላይ አስቀምጣ ቦት ጫማዎቹን አወለቀች፤ የልጅቷ ካልሲ ከውስጥ ረጥቦ፣ ጣቶቿ ተጨማደው ወጡ። ኢቢሴ እነዚያን ጣቶች በእጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሁለቱን ቦት አቶ አሻግሬ ፊት ደረደረች።

«የቱ ነው? እኔ ሁለቱም አንድ ነው የሚመስለኝ። ያሳዩኝ አባባ። ነገ ጠዋትም ሲያለብሷት ይጥሩኝና አጠገብዎ ቆሜ ልይ።»

አቶ አሻግሬ ቦቶቹን አንሥተው ውስጣቸውን በጣት ዳሰሱ፤ የቀኙን ሰጧት። «ግንባሩ ላይ ነው፤ አፍንጫው ጫፍ ላይ እንዳይሆን። ከፍ አድርጊው። እዚያ ጋ።» ኢቢሴ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነጥቧን አደረገቻት። ከበፊቷ ትንሽ ተለቅ አለች። ሌንሳ ከአልጋው ዘላ ወርዳ፣ በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ቦቱን አየችው፤ ከፊት አየችው፣ ከጎን አየችው።

«አካኮ! ቦራ ተገኘ!»

«ተገኘ» አሉ አቶ አሻግሬ። እጃቸውን ኢቢሴ ወንበሩ ላይ ወደሰቀለችው ካፖርት የውስጥ ኪስ ሰደዱ፤ ቀኑን ሙሉ ይዘውት የዋሉትን የልጅቷን ካልሲ አወጡና ዓይናቸውን ጠረጉበት።

«አባባ፣ እንዳያረጥቡት!» አለች ኢቢሴ። «ነገ ምን ሊያደርጉላት ነው?»